ከመስኮት ስር የሚሰቀል የእንጨት አበባ ሳጥን፦ አሠራሩም አሰቃቀሉም

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ግቢ የላችሁም። ጤና አዳም የምትተክሉበት አንድ ክንድ መሬት እንኳ የለም። ያለው መስኮት ነው። እሱም በደንብ ከተያዘ ቀላል አይደለም። ውስጡ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አንድ ሳጥን ለቡና የሚሆን ጤና አዳም፣ ለሻይ የሚሆን ጦስኝ፣ ከዚያ ላይ ሁለት ሦስት ግንድ ጀራንየም አቅፎ ይይዛል።

ሳጥኑን መሥራት ብዙ አያስቸግርም። አምስት ቁራጭ ጣውላ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። የሚያስቸግሩት ግድግዳውና ውሃው ናቸው። ብዙዎቹ መመሪያዎች ስለ እንጨቱና ስለ ቀለሙ ሲያወሩ ቆይተው መጨረሻ ላይ «ከዚያ ግድግዳው ላይ ይስቀሉት» ብለው ያልፋሉ። እኔ የምጀምረው ከዚያው ከግድግዳው ነው። ሳጥኑ እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ40 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ከብሎኩ ስር ደግሞ ሰው ያልፋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ስለዚህ እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መስኮቱን በደንብ እዩት

መስኮቱን ክፈቱና ወዴት እንደሚከፈት እዩ። ብዙ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለው የብረት መስኮት ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ሳጥኑን ልክ ከመስኮቱ ስር ከሰቀላችሁት መስታወቱ አበባውን እየገጨ ይከፈታል፣ ወይም ጭራሽ አይከፈትም። እንዲህ ዓይነት መስኮት ካላችሁ የሳጥኑ አፍ ከመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ተክሉም አጭር ይሁን። በጎን የሚንሸራተት አሉሚኒየም ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ይበቃል። ወደ ውስጥ የሚከፈትም እንደዚሁ።

ቀጥሎ ፀሐዩ። እዚህ ላይ ከውጭ አገር የተጻፈ ምክር ያሳስታችኋል። እዚያ «ደቡብ የሚያይ መስኮት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል» ይላሉ፣ ለእነሱ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ማብቂያ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ደግሞ ወደ ሰሜን ይዞራል። በተግባር ደቡብ የሚያይ መስኮት በበጋው፣ ማለትም ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ፣ ፀሐዩን ጠግቦ ያገኛል። ሰሜን የሚያየው ተራው ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክረምትና ደመና ነው። ለሳጥን የምመርጠው ምሥራቅ የሚያየውን ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ለተክል በቂ ነው፣ ከሰዓቱንም እንጨቱ ያርፋል። ምዕራብም ይሆናል፣ ግን በየካቲትና በመጋቢት ውሃ አብዝቶ ይጠይቃችኋል።

ሌላው ጎረቤት ነው። የሕንጻው የውጭ ግድግዳ የእናንተ ብቻ አይደለም፣ የጋራ ነው። ለኮሚቴው ቀድማችሁ ንገሩ። ከስራችሁ ላለው ቤትም ንገሩ፣ ምክንያቱም ውሃው የሚንጠባጠበው እሱ መስኮት ላይ ነው። አስቀድሞ የተነገረው ጎረቤት አይቀየምም። ሳይነገረው የታጠበ ልብሱ ላይ ጭቃ የተንጠባጠበበት ግን በጣም ይቀየማል፣ እውነትም አለው።

ግድግዳው ምንድን ነው?

በጣት አንኳኩ፣ ወይም በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ኮንክሪት ነው፣ ቢም ወይም ኮለን (የሕንጻው አግዳሚ ወይም ቋሚ ተሸካሚ) ላይ ናችሁ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው። የብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፣ ጠንካራው አካል ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በድሪል ስትበሱት ይበልጥ ይታወቃችኋል፤ ልስኑን አልፎ ትንሽ ይታገላል፣ ከዚያ በድንገት ሸርተት ብሎ ይገባል። ያ ባዶው ጋ ደረሰ ማለት ነው።

ፊሸር (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) በኮንክሪት ውስጥ ጥሩ ይይዛል። ባዶ ብሎኬት ውስጥ ግን ይዟል ብላችሁ እንዳትታለሉ። ብሎኑን ስታጠብቁት መጀመሪያ ይጠብቃል፣ ትንሽ ስትጨምሩ ከፊሸሩ ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል። አብሮ ከዞረ አልያዘም። ዛሬ ፎቶ ሰቅላችሁበት ሊቆይ ይችላል። 40 ኪሎ ግን ክረምቱን አይሻገርም።

ለብሎኬት ግድግዳ ሁለት አስተማማኝ መንገድ አለ።

አንደኛው ግድግዳውን ዘልቆ የሚያልፍ ብሎን ነው። እኔ የማምነው ይሄንን ነው። ባለ 20 ብሎኬት ከሁለቱም ወገን ልስኑ ተጨምሮ ወደ 24 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። 10 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሙሉ ክር ያለው ዘንግ በ30 ሳንቲ ሜትር ታስቆርጣላችሁ፣ ግድግዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ በረዥም ፑንታ (የድሪል መብሻ) ትበሳላችሁ፣ ከቤት ውስጥ በኩል 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ላሜራ ቁራጭ ታደርጉና በሮንዴላ (ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) እና በዳዶ (የብሎን ማጠበቂያ) ታስራላችሁ። ላሜራው ኃይሉን ሰፋ አድርጎ ብሎኬቱ ላይ ያከፋፍለዋል። ከውስጥ መታየቱ ካስጠላችሁ የግድግዳውን ቀለም ቀቡት፣ መጋረጃም ይሸፍነዋል።

ሁለተኛው ብሎኬቱን መሙላት ነው። ብሎን የሚገባበትን ቦታ ሰፋ አድርጋችሁ ትከፍታላችሁ፣ አቧራውን ትጠርጋላችሁ፣ በውሃ ታርሱታላችሁ፣ ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ለውሳችሁ እስኪጠቀጠቅ ትሞሉና ጫፉ የታጠፈ ብሎን ትቀብሩበታላችሁ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ አትነኩትም። በየቀኑ ውሃ ትረጩታላችሁ። በሦስተኛው ቀን የደረቀ ይመስላል፣ ግን አልጠነከረም፣ ታገሡ።

ከመብሳታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ መስመር እንደማያልፍበት እርግጠኛ ሁኑ። ከመስኮቱ ስር ሶኬት ካለ ሽቦው ወደላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ሊሄድ ይችላል። የዚያን ክፍል ብሬከር አውርዳችሁ ከሌላ ክፍል ኤሌክትሪክ ብትስቡ ይሻላል።

የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳው ላይ ምንም አትስቀሉ። ሳጥኑን መሬት ላይ በቆሙ ሁለት እግሮች አቁሙትና ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ያም ያምራል።

የሚሸከመው ብረት

ሁለት ደጋፊ ያስፈልጋል። ሳጥኑ ከአንድ ሜትር ካለፈ ሦስት። በያጅ ጋ ሄዳችሁ ከ30 በ30 ሚሊ ሜትር አንግል ብረት፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነው፣ እንዲህ አሠሩ፦ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ቋሚ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ውጭ የሚወጣው አግዳሚ 25፣ ጫፉ ላይ ወደላይ የቆመ 5 ሳንቲ ሜትር ከንፈር፣ ከስር ደግሞ ቋሚውንና አግዳሚውን የሚያያይዝ ሰያፍ ድጋፍ። ቋሚውም አግዳሚውም ለብሎን ይበሱ። ከንፈሩ ሳጥኑ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ነው። እንዳይረሳ።

ቋሚው ለምን 30 ሆነ? ሸክሙ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ ብረቱን ወደ ፊት ሊገለብጠው ይሞክራል። የላይኛው ብሎን ወደ ውጭ ይጎተታል፣ ታችኛው ግድግዳውን ይገፋል። በሁለቱ ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ላይኛውን የሚጎትተው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የመደርደሪያ ደጋፊ ግን ብዙ ጊዜ ቋሚው አጭር ነው፣ ብረቱም ስስ ነው። ለመጽሐፍ ይሁን፣ ለእርጥብ አፈር አይሁን።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ ከላዩ የዘይት ቀለም። ብየዳው ያለበትን ማዕዘን በትንሽ ብሩሽ እየገባችሁ ቀቡት። ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው።

እንጨቱ

ገበያው ላይ በብዛት የምታገኙት የፈረንጅ ጥድ ነው። ለዚህ ሥራ ይሆናል፣ ለመቁረጥም ለመላግም ቀላል ነው። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው፣ ግን በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ቀጥ ያለ ሳጥን ሠርታችሁበት ከወር በኋላ ማዕዘኑ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ። ዋንዛ ቆንጆ ነው፣ ምስጥም ይፈራዋል፣ ዋጋው ግን ለአበባ ሳጥን ይበዛል።

ከሁሉም የሚበልጠው የሐበሻ ጥድ ነው። ውሃ ቶሎ አያበሰብሰውም፣ ምስጥም አይደፍረውም። ግን አዲስ የተቆረጠ አትፈልጉ፣ አገር በቀል ዛፍ ነው፣ ደኑም ተመናምኗል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ፈልጉ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትዞሩ አሮጌ በር፣ የመስኮት መዝጊያ፣ የጣሪያ እንጨት ታገኛላችሁ። ጥዱን በሽታው ትለዩታላችሁ። ጥግ ላይ በቢላ ጫር ብታደርጉት ቀላ ያለ ልብ ብቅ ይላል፣ ሽታው ወዲያው ያውዳል። ለዘመናት ደርቆ ስለቆየ አይጣመምም። ሚስማሩን በሙሉ ነቅላችሁ ግን ነው ወደ መጋዝ የምትወስዱት። አሮጌ የዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ በደረቁ አትፈግፍጉት፣ አርሳችሁ ነው፣ ለሚበላ ተክልም አትጠቀሙበት።

የፓሌት እንጨትም ይሠራል። ማህተሙን ብቻ እዩ፦ «ኤችቲ» (HT) የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ ውሰዱት። «ኤምቢ» (MB) የሚለው በመርዝ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ተዉት። ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍ፣ ተራ ኮምፐንሳቶ አይታሰብም፣ አንድ ክረምት አብጠው ይፈርሳሉ።

ስፋቱ 20፣ ውፍረቱ ተልጎ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ባለ 4 ሜትር ጣውላ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የሚቆረጠው፦

– ፊትና ጀርባ፦ 84 በ20፣ ሁለት
– ጎንና ጎን፦ 18 በ20፣ ሁለት (20ው ከፍታው ነው)
– ወለል፦ 80 በ18፣ አንድ
– ከወለሉ ስር የሚሆን እግር፦ 22 በ4፣ ሁለት
– ከጀርባ የሚመታ ማራቂያ፦ 3 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ትንሽ ቁራጭ፣ ሁለት (ይሄ ከሌላ ወፈር ያለ እንጨት)

ይሄ ውስጡ 80 በ18፣ ጥልቀቱ 18 የሆነ ሳጥን ይሰጣችኋል። መጋዝ ከሌላችሁ ጣውላውን የምትገዙበት አካባቢ ያለ እንጨት ቤት ልኩን ጽፋችሁ ስጡት፣ በማሽን ይቆርጥላችኋል። በእጅ ከሚቆረጠው ቀጥ ብሎ ይወጣል።

መግጠም

ብሎኑ ላይ አትሰስቱ። ጥቁሩ የጂፕሰም ብሎን ርካሽ ነው፣ ግን ለውጭ የተሠራ አይደለም። ውሃ ሲነካው ይዝጋል፣ ዝገቱ በእንጨቱ ላይ ጥቁር እንባ ይጥላል፣ በስተመጨረሻም አንገቱ ይቀነጠሳል። ጋልቫናይዝድ ወይም ስቴንለስ የሆነ፣ 5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ክሩ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ግዙ። ወደ 30 ይበቃል።

ጎኖቹን በፊትና በጀርባው መካከል አስገቡ። እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ከፊት በኩል ሦስት ብሎን፣ ከጀርባም ሦስት። ከማሰራችሁ በፊት በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቀድማችሁ ብሱ። ይህን የዘለለ ሰው ጣውላው ጫፉ ላይ ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ ያያል። መጋጠሚያውን ውሃ የሚችል የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ አጣብቁና ብሎኑን እሰሩ። በስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) ለኩ። ስኳድራ ከሌለ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሜትር በሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ሳጥኑ ቀጥ ነው፣ ካልሆኑ ረዥሙን ሰያፍ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉ፣ ኮላው ሳይደርቅ።

ወለሉ ከውስጥ ገብቶ ከስር እኩል ይሁን። በዙሪያው ከጎን በኩል በየ12 ሳንቲ ሜትሩ ብሎን። ወለሉን በጣም አታጣብቁት፣ እንጨት ውሃ ሲጠጣ በስፋቱ ያብጣል፣ ስፋቱን በሁለቱም ወገን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ላጉለት። ከዚያ እግሮቹን ከስር በኩል፣ ከሁለቱም ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው፣ በአግድሙ እሰሩ። ደጋፊ ብረቶቹ የሚመጡት እነዚህ ስር ነው። በዚህ መንገድ ሸክሙ ወለሉ ላይ ሆኖ ቀጥታ ወደ ብረቱ ይሄዳል፣ ከስርም አየር ያልፋል። እግሮቹን ከወለሉ ጋር ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከጀርባው ጣውላ ጋርም በረዘም ያለ ብሎን ያዙት።

አሁን ቀዳዳው። ወለሉ ላይ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ስድስት ያህል። ከብረቱ በላይ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው ከቀዳዳው በላይ ጠጠር ያነጥፋል፣ ውሃ ያሳልፋል እየተባለ። አያሳልፍም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ አፈሩ ራሱ እስኪጠግብ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል፣ ሥሩም ረግረግ ውስጥ ይቀራል። ጠጠሩ ክብደት ጨመረ እንጂ ሌላ የሠራው ሥራ የለም። አሮጌ አጎበር ወይም የመስኮት ወንፊት በቀዳዳው ልክ ቆርጣችሁ አንጥፉ፣ አፈር ይይዛል፣ ውሃ ያሳልፋል፣ አለቀ።

ከመበስበስ መጠበቅ

ከድሮ የእንጨት ሳጥን አንዱን ገልብጣችሁ ብታዩት መሃሉ ጤነኛ ነው። የበሰበሰው ጫፉ ነው፣ የተቆረጠው ፊት። ጥፍር ብትሰኩበት ይገባል፣ እንደ እርጥብ ዳቦ። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በቁመቱ በኩል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ዘይትም ሆነ ቀለም ስትቀቡ ሌላውን ሁለት ጊዜ ከቀባችሁ ጫፎቹን አራት ጊዜ ቀቡ። ቀዳዳዎቹንም ውስጣቸውን።

የምመርጠው ለእንጨት መቀቢያ የሚሸጠውን የተልባ ዘይት ነው። የመጀመሪያውን ዙር በአኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) ቀጠን አድርጋችሁ ቀቡ፣ እንጨቱ ይጠጣው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ላዩ ላይ የቀረውን ጥረጉ፣ አለዚያ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል። ሲደርቅ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጉና ድገሙ። በጥሩ ፀሐይ እንኳ በአንድ ዙርና በሌላው መካከል ቀናት ሊፈልግ ይችላል። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ክተቱት። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትወርውሩት።

የዘይት ቀለም ከወደዳችሁ ነጣ ያለ ምረጡ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐዩ ቀለም ቶሎ ያደበዝዛል። ጥቁር ሳጥን ደግሞ ሙቀቱን ስቦ ሥር ያቃጥላል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ ለአጥር ምሰሶ የተለመደ ነው፣ የሚበላ ነገር የምትተክሉበት ሳጥን ላይ ግን በጭራሽ።

ውስጡን ወፈር ባለ ላስቲክ ሸፍኑት፣ ጎኖቹን ብቻ። ወለሉ ላይ ላስቲኩ ከመጣ ቀዳዳዎቹ ላይ ቁረጡት። የላይኛውን ጠርዝ ከአፈሩ በላይ በትናንሽ ሚስማር ያዙት። ላስቲኩ ከእንጨቱ ጋር ሙጭጭ ብሎ ባይጣበቅ ይሻላል፣ በመሃል የገባ ውሃ መውጫ እንዲኖረው።

መስቀል

ከመሬት ቤት ወይም መሰላል ላይ ቆማችሁ በምቾት ከምትደርሱበት በላይ ከሆነ ይህን ክፍል ለባለሙያ ስጡ። በመስኮት ወገባችሁን አውጥታችሁ ድሪል አትያዙ። ለሰው የምትከፍሉት ገንዘብ እዚህ ጋ ተገቢ ነው፣ የምትቆጥቡት ከሌላው ላይ ይሁን። በረንዳ ካላችሁ ደግሞ ሳጥኑን ከበረንዳው ብረት በውስጥ በኩል ስቀሉት፣ ቢወድቅም እናንተው ጋ ይወድቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። ከስር አንድ ሰው ቆሞ መንገደኛ ያሳልፍ። የመጀመሪያውን ደጋፊ ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ውሃ ልክ ይዛችሁ ሁለተኛውን በዚያው ልክ አድርጉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሳጥኑ እግሮች ጋር እንዲገጥም አስቀድማችሁ ለኩ፣ ለዚህ ሳጥን ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ብሱ፣ ብሎኑን አሳልፉ፣ ደጋፊውን ግጠሙ፣ በሁለት ዳዶ ቆልፉ፣ አንዱ ሌላው እንዳይፈታ ይይዘዋል። በብሎኑና በልስኑ መካከል ያለውን ክፍተት በሲሊኮን ዝጉ፣ አለዚያ የዝናብ ውሃ በዚያ ገብቶ ግድግዳውን ከውስጥ ያራጥበዋል።

ከዚያ ብረቱን ፈትኑ። ሳጥኑን ሳትሰቅሉ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ በገመድ ከሁለቱ ደጋፊዎች ላይ አንጠልጥሉና አንድ ሌሊት ተዉት። ያ 40 ኪሎ ነው። ጠዋት ልስኑ ከተሰነጠቀ ወይም ብረቱ ትንሽ እንኳ ከግድግዳው ከተላቀቀ አፍርሳችሁ እንደገና ሥሩ። በዚህ አትለፉት።

ሳጥኑ የሚወጣው ባዶውን ነው። በገመድ አስራችሁ ከላይ ወደ ታች አውርዱት፣ ከንፈሮቹ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከጀርባው ያሉት ማራቂያዎች ከግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ያርቁታል። ያ ክፍተት ግድግዳውም እንጨቱም እንዲደርቁ ነው። ከአንግሉ ስር በተበሳው ቀዳዳ አጭር ብሎን ወደ እግሩ አስገቡና አጥብቁ። በመጨረሻም 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ገመድ ከሳጥኑ ሁለት ጎን ወደ መስኮቱ ፍርግርግ ወይም ከግድግዳው ጋር ወደተያዘ ቀለበት እሰሩ። ደጋፊው ቢከዳ ገመዱ ይይዘዋል።

አፈሩና ተክሉ

አፈሩ የሚሞላው ሳጥኑ ከተሰቀለ በኋላ፣ ከመስኮቱ በኩል በባልዲ ነው። ዋልካ አትጠቀሙ። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ሥር ይበጥሳል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ፑሚስ። ፑሚስ ከየት? ብሎኬት ከሚያመርቱት ጋ። እነሱ የሚጠቀሙበት ያው ከስምጥ ሸለቆው አካባቢ የሚመጣ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ትልልቁን በወንፊት ለዩ፣ አቧራውን እጠቡት። አየር ይዞ ይቆያል፣ ውሃም ያሳልፋል፣ ሳጥኑንም በርካታ ኪሎ ያቀልላችኋል። ከአፉ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም፣ ውሃ ስታጠጡ እንዳይፈስ።

ምን ይተከል? ውሃ የሚወደውን ከማይወደው አትቀላቅሉ። ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጀራንየም አንድ ላይ ይኖራሉ፣ አፈሩ ደረቅ ቢል አይከፋቸውም። በሶብላ፣ ሰላጣ፣ ድንብላል ሌላ ሳጥን ነው፣ እነሱ ይጠማቸዋል። ናና የሚባለውን ለብቻው ጣሳ ውስጥ አድርጉት፣ ካልሆነ ሳጥኑን በሙሉ ይወርሳል። 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ከአምስት ግንድ አይብለጥ። ጤና አዳም ስትቆርጡ ጭማቂው እጃችሁን ነክቶ ፀሐይ ከመታችሁ ቆዳ ሊያቃጥልና ሊያሳብጥ ይችላል፣ ጓንት አድርጉ ወይም ወደ ማታ ቁረጡ። ጎመንና ቲማቲም ለዚህ ጥልቀት አይሆኑም።

ችግኝ የምተክለው መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። ሐምሌ ላይ የተተከለ ገና ሥር ሳይዝ ዶፉና በረዶው ይመታዋል። ሳጥኑን ግን በበጋው ሥሩት፣ እንጨቱም ዘይቱም የሚደርቀው ያኔ ነው።

ውሃ በጠዋት። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ስደዱ፣ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልትና ምስር ያጠባችሁበትን ውሃ አስቀምጡ፣ ሳሙና ካልነካው ጥሩ ነው። ቀስ እያላችሁ አጠጡ፣ ከስር ጠብ ማለት ሲጀምር አቁሙ። ከስር የምታስቀምጡት ጎንበስ ያለ የላሜራ ትሪ ካለ ለጎረቤት ይበልጥ ይመቻል፣ አንድ ጫፉን ዝቅ አድርጉና ከሰው መስኮት ርቆ ይፍሰስ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ዳዶዎቹን በቁልፍ ነካ ነካ አድርጉ። ሳጥኑን ይዛችሁ ወደ ፊት ሳብ አድርጉት፣ መንቀጥቀጥ የለበትም። የብረቱን ማዕዘን ለዝገት እዩ፣ ገመዱን እዩ፣ የጣውላውን ጫፍ በጥፍር ፈትኑ። ለስልሶ ካገኛችሁት ብሎኑን ፈታችሁ፣ ኮላውን አላቅቃችሁ ያንን ጣውላ ብቻ ቀይሩ። ያሰራችሁት በብሎን እንጂ በሚስማር ስላልሆነ አንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።